የጌሙ ጀግና የግድ የንጉሥ ልጅ ነው እንዴ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጌም ስለሚሠሩ የአገራችን ወጣቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል። ግን ከላይ እስከ ታች የኮምፒውተር አቅም፣ የመብራት መጥፋትና የገንዘብ እጥረት ብቻ ሆነብኝ። እውነት ነው፣ አልክድም፤ እኔ ራሴ ደሴ ፒያሳ ፕሌይስቴሽን ቤት ስላለኝ የመብራትን ነገር ለእኔ አትንገሩኝ። ዋናውን ጥያቄ ግን ማንም አላነሳውም። ጌሙ ውስጥ የምናገኘው ሰውዬ ማነው?

የሰፈር ልጆች የጀመሩትን እያመጡ ያሳዩኛል። አድቬንቸር ጌም ነው ይሉኛል። እከፍተዋለሁ፤ ጎራዴ የታጠቀ፣ ደረቱ የተወጠረ የንጉሥ ልጅ። የሌላኛውን እከፍታለሁ፤ ያው የንጉሥ ልጅ፣ ጎፈሬው ብቻ ጨምሯል። ምን ይፈራል? ምንም። ምን ቸገረው? ምንም። ማን ይጠላዋል? ከጭራቁ በቀር ሁሉም ይወደዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ቡና ቢጠራ ከአቦል በኋላ አብሮት የሚቆይ አይገኝም።

በሩጫ ጌም ጀግናው ባዶ ቢሆን ግድ የለም። የአገራችን ጌም ሠሪዎች ቅኔ ጌምስ የሠሩት ኩኩሉ የሚባል ጌም ላይ የምትሮጠው ዶሮ ናት፤ ማምለጥ ትፈልጋለች፣ በቃ፣ ጣትህ ሥራ አለው። አድቬንቸር ላይ ግን ተጫዋቹ ጊዜውን የሚያሳልፈው ዕቃ እየነካካ፣ ሰው እያናገረ፣ እንቆቅልሽ እየፈታ ስለሆነ አንድ ነገር በነካ ቁጥር የሚሰማው የጀግናውን አፍ ነው። የተቆለፈ በር ነካህ እንበል። ጀግናው «ተቆልፏል» ካለ አለቀ፤ ይህንማ እኛም አይተናል። ደላላ ቢሆን ግን «ኪራዩ ስንት ይሆን?» ይላል። ከቤት የጠፋ ልጅ ቢሆን መጀመሪያ ጆሮውን ይለጥፋል። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ በሩ ባይከፈት ይመርጣል። በሩ አንድ ነው፣ ጨዋታው ግን ሦስት ሆነ። ጸባይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው እንጂ መግቢያው ላይ በሚጻፈው ረጅም የሕይወት ታሪክ አይደለም። (እሱንማ ደንበኞቼ ሁሉ እየዘለሉት ነው የሚያልፉት።)

ፈረንጆቹ ቀድመው ነቅተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው መንኪ አይላንድ የሚባል አድቬንቸር ጌም ጀግና ጋይብረሽ፣ የባሕር ወንበዴ ካልሆንኩ የሚል ልጅ ነው። ጉራው ትንፋሼን አሥር ደቂቃ መያዝ እችላለሁ ማለት ነው! የሰይፍ ፍልሚያ የሚያሸንፈውም በክንዱ ሳይሆን ለሰደበው ሰው የሚገጥም መልስ በመመለስ ነው። ይሄ ነገር እኮ ወሎ ውስጥ መፈጠር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ግሪም ፋንዳንጎ ላይ ደግሞ ማኒ የሚባለው ጀግና የሙታን አገር የጉዞ ወኪል ነው፤ በሕይወት ሳለ ያጠራቀመውን ዕዳ ለመክፈል ለሞቱ ሰዎች ጉዞ ይሸጣል። ጎራዴ የለም፣ ዙፋን የለም፣ ሻጭ ነው።

እኔ ብሆን ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ረዳት ነበር የማደርገው። አትሳቁ፣ ስሙኝ። ረዳት ሁሉን ያውቃል፤ ማን የት እንደሚወርድ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። ደሴ ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይነሳል፣ ቁልቁለቱን ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲገባ አውልቆ ወገቡ ላይ ያስረዋል። መሣሪያው አፉ ነው። ድክመቱስ? ምስጢር አይቋጥርም። ይህ ድክመት ግን ለጌጥ የተቀመጠ መሆን የለበትም፣ ጨዋታውን ማክበድ አለበት፤ ጠዋት ሰኞ ገበያ ላይ ለአንዲት እናት ያወራው ወሬ ቀድሞት ኮምቦልቻ ይደርስና ሊያናግራቸው የፈለጋቸው ጋሼ በር ይዘጉበታል፣ ተጫዋቹም በራሱ ምላስ ያመጣውን ጣጣ ራሱ ይፈታል። የሚፈልገው ነገር ትንሽ ይሁን። ዓለምን ማዳን አይጠበቅበትም፣ መኪና ውስጥ የተረሳ ፌስታል ለባለቤቱ መመለስ ይበቃዋል። ችግሩ ፌስታሉን ከፍቶ አይቶታል።

ሴት ብትሆንስ? የበለጠ ይጣፍጣል። ፍለጋው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቢያደርሳት እዚያ ሴት አይገባም፤ ስለዚህ ሰው መላክ አለባት፣ የላከችው ሰው ይዞላት የመጣውን ወሬ ማመን አለማመን ደግሞ የእሷ ፈንታ ነው። እንቆቅልሹን ቦታው ራሱ ሰጠን።

ሌላው የሚያናድደኝ አነጋገሩ ነው። ሁሉም ጀግና የዜና አማርኛ ያወራል። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ጓደኛው ሲጨነቅ «አብሽር» ብሎ ትከሻውን መታ ያደርገዋል እንጂ «ሁሉም ነገር መልካም ይሆናል፣ በጽናት እንቀጥል» ይላል? ኧረ ተዉ!

ስለዚህ አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው ጌም ሠሪ ስታናግሩ የኮምፒውተሩን ጉዳይ ከጨረሳችሁ በኋላ «ጀግናህ ሲናደድ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ንድፍ ያላቸው የደሴና የኮምቦልቻ ልጆችም ወረቀታቸውን ይዘው ይምጡ፤ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ጭር ስለሚል ቁጭ ብለን እናየዋለን። በነጻ ነው። የንጉሥ ልጅ ይዞ የመጣ ግን ሂሳብ ይከፍላል።

የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት
ከደሴ፣ ፒያሳ