የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከኦሲሎስኮፑ ስክሪን ወደ ኮምፒውተር

“ክበባችሁ ዘንድሮ ምን ሠራ?” የሚሉኝ ባልደረቦቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ቆመው ነው። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ፣ እውነት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቢጫ መስመር ከብበን ተቀምጠናል። መልሴ አጭር ነው፤ መስመሯን ከኦሲሎስኮፑ፣ ማለትም የቮልትን መለዋወጥ ስክሪን ላይ በመስመር ከሚያሳየው መለኪያ፣ አውጥተን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተናል።

እስከ አምና ድረስ ተማሪዎቹ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተው፣ ካሬዎቹን በጣት እየቆጠሩ ቮልቱን ይገምቱ ነበር። አምስት ልጆች አንዱን ፎቶ ለክተው አምስት መልስ ያመጣሉ። ዘንድሮ ግን ቁጥሮቹን ራሳቸውን እንውሰድ አልን።

በፍላሽ ጀመርን። ኦሲሎስኮፑ መጀመሪያ ፍላሹን አላውቀውም ብሎ አስቸገረን፤ ፋት 32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ስናደርገው ተቀበለ። ለእያንዳንዱ ልኬት መሰካትና መንቀሉ ሲያሰለቸን ወደ ዩኤስቢ ገመድ ዞርን። ገመዱ ከፕሪንተር ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ክበቡ የራሱ ስለሌለው ከጽሕፈት ቤቱ ፕሪንተር ላይ እየነቀልን ከረምን። የፈተና ወረቀት በሚታተምባቸው ሳምንታት ያልተሰበሰብነው በዚህ ምክንያት እንጂ በስንፍና አይደለም።

ስለ መደበኛ ስብሰባዎቻችን ብዙ የሚባል የለም፤ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማርን፣ በሁለተኛው ለካን።

አንዱን ቀን ግን ሳልጽፈው አላልፍም። በ5 ቮልት የሞላነውን የ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ፍሰቱን በሚገድብ ዕቃ) በኩል እያራገፍን ነበር። በስሌት ከ1 ሰከንድ በኋላ 1.84 ቮልት ገደማ ሊቀረው ይገባል። ግራፉ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ ጥምዝ መስመሩ አማረ፤ በግራ ጠርዙ ላይ ግን ተጨማድዶ ታየ። ልጆቹ “የማብሪያ ማጥፊያው ንዝረት ነው” አሉ። እኔም አዎ አልኩ። እስከዚያ ቀን ድምፅዋን እምብዛም ሰምተን የማናውቅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማንንም ሳታስፈቅድ ፕሮቡን (ከሚለካው ነገር ጋር የሚያያዘውን የኦሲሎስኮፑን ጫፍ) ነቀለችና እንደገና ለካች። መስመሩ ቀጥ ያለ ሆነ፤ ጭምድዱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

የመጀመሪያዎቹን 11 ቁጥሮች ደብተሯ ላይ ገለበጠች፦ 35፣ 57፣ 48፣ 48፣ 48፣ 48፣ 48፣ 49፣ 50፣ 48፣ 48። ከዚያ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን የአስኪ ሰንጠረዥ፣ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የሚጠቀምበትን ቁጥር የሚያሳየውን፣ በጣቷ ተከተለች። 35 የሃሽ ምልክት፣ 57 ዘጠኝ፣ 48 ዜሮ። “መምህር፣ ይህ እኮ ሞገድ አይደለም፤ ጽሑፍ ነው” አለችኝ። አነበበችልንም፦ ሃሽ፣ 9፣ ከዚያ 000001200። ዘጠኙ “ቀጥለው ዘጠኝ አሃዞች ይመጣሉ” ማለት ነው፤ አሃዞቹ ደግሞ 1200 ባይት (አንዱ ባይት እዚህ አንድ ቁጥር ነው) እንደሚከተል ይናገራሉ። መሣሪያው ከመላኩ በፊት ምን ያህል እንደሚልክ ሲያስታውቀን፣ እኛ ማስታወቂያውን እንደ ቮልት ግራፉ ላይ ሥለነው ኖሯል። 11ዱን ባይት ስንቆርጥ ግራፉ ጠራ። ያን ቀን መምህሩ እኔ አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላም ሥራ ነበረብን፤ የሚመጡት ቁጥሮች ከ0 እስከ 255 ያሉ እርከኖች እንጂ ቮልት ስላልሆኑ፣ መሣሪያው በሚሰጠው መነሻና የእርከን መጠን እያሰሉ መመለስ ያስፈልጋል። ውጤታችን ከስሌቱ ትንሽ ራቀ። እንዲህ ያሉ ካፓሲተሮች ላያቸው ላይ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ሊለያዩ ስለሚችሉ አልተደናገጥንም።

ያልተሳካውም አለ። የአንድ ወር ፋይሎቻችን ኮምፒውተሩ ሳይነገረን ፎርማት ሲደረግ ጠፉ። ከሁለቱ ፕሮቦች የአንዱ መቆንጠጫ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል፤ ሦስት ልጆችም ተራ መጠበቅ ሰልችቷቸው ክበቡን ለቀዋል። አንድ ኦሲሎስኮፕ ለአሥራ ስምንት ልጅ ሲሆን አልፈርድባቸውም።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው አንድ ፕሮብ፣ ማንም የማይነካው አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ገመድ ነው። ከሁሉም ገመዱ ይቅደም። ይህ ዘገባ ለአርታኢዎቹ የሚታተመው በዚያው ፕሪንተር ስለሆነ፣ ክበቡ ዛሬም አልተሰበሰበም።