የጤናና ሥነ ምግብ ክበብ የ2018 የትምህርት ዘመን ዘገባ፦ ክብደት፣ መክሰስና የግቢያችን ጥበት

ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ እንዲሠራ የተወሰነው በመስከረም ወር በተካሄደው የመጀመሪያው የአባላት ስብሰባ ሲሆን፣ ለውሳኔው መነሻ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ነው። በዚህ ሪፖርት መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ የዓለም ልጆች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በታች የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 13 በመቶ ይጠጉ ከነበረበት ወደ 9.2 በመቶ ሲወርዱ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ደግሞ ከ3 በመቶ ተነሥተው 9.4 በመቶ ደርሰዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የኋለኞቹ ቁጥር ከፊተኞቹ በልጧል ማለት ነው። ሪፖርቱ ከዚህ ለውጥ ውጭ ናቸው ያላቸው ሁለት አካባቢዎች ደቡብ እስያና ከሰሃራ በስተደቡብ ያለው የአፍሪካ ክፍል ብቻ ናቸው። ይህ ሲነበብ አንድ የ8ኛ ክፍል አባል እጁን አውጥቶ “እኛ ከሰሃራ በታች ነን፤ ታዲያ ይህ እኛን ምን ያገባናል?” ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ መልሱን ስንፈልግ ቆየን።

የአገር አማካይ ቁጥር ከተማን ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸው ታውቋል፤ በዚያው ጥናት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ሴቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ማደጉም ተመዝግቧል። በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ ደግሞ ከተጠኑት መካከል 11 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከመጠን ያለፈ ክብደት ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳለባቸው፣ ይህም በሴቶችና በግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዘንድ ጎልቶ እንደሚታይ አመልክቷል። ትምህርት ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ጠያቂው ተማሪ ከመልሱ ሩቅ አልነበረም።

በጥቅምት ወር የተማሪዎችን ቁመትና ክብደት ለመለካት ስንነሣ አባላቱ ሚዛኑን በሰልፍ ሜዳው ላይ አቁመው ሁሉንም በተራ ሊመዝኑ አስበው ነበር። ክበቡን የማስተባብር መምህር እንደመሆኔ ይህን አልፈቀድኩም። ልኬቱ የተካሄደው ወላጆቻቸው በጽሑፍ ለፈቀዱላቸው ተማሪዎች ብቻ፣ በክሊኒኩ ክፍል ውስጥ፣ በነርሷና በስፖርት መምህራችን ሲሆን፣ ውጤቱም በታሸገ ፖስታ ለወላጅ ተልኳል። አባላቱ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረውን ስሌት (ቢ.ኤም.አይ.) የተማሩት በምናብ በፈጠርናቸው ልጆች ነው። ክብደት በኪሎ ግራም ይወሰድና በሜትር በተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ይካፈላል፤ ነገር ግን ለአዋቂ የሚሠራው መስፈርት ለልጅ አይሠራም። ቁመታቸው 1.50 ሜትር፣ ክብደታቸው 46 ኪሎ የሆነ፣ ልክ 12 ዓመት የሞላቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ቢኖሩ የሁለቱም ውጤት 20.4 ነው። አዋቂ ቢሆኑ ጤናማ በተባሉ ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት የ2007 (እ.ኤ.አ.) ሰንጠረዥ ግን ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚጀምረው በዚያ ዕድሜ ለወንድ ከ19.9፣ ለሴት ከ20.8 በላይ ስለሆነ፣ ወንዱ መስመሩን ሲያልፍ ሴቷ አላለፈችም።

እዚህ ላይ ለሌሎች ክበባትም የሚጠቅም አንድ ነገር ልጥቀስ። ሰንጠረዡ ዕድሜን የሚቆጥረው በወር ነው። አንዳንድ አባላት ጳጉሜንን እንደ አንድ ወር ቆጥረው 12 ዓመትን በ13 በማባዛታቸው 156 ወር አገኙ፤ 156 ወር ደግሞ በሰንጠረዡ የ13 ዓመት ልጅ ዕድሜ ነው። በዚያ ዕድሜ የወንዶች መስመር 20.8 ስለሆነ ያ ልጅ ወዲያውኑ “ጤናማ” ሆነላቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ የልደት ቀን ምንም ችግር የለበትም፤ ዓመቱ በ12 መባዛት አለበት እንጂ።

የልኬቱን ውጤት በዚህ መጽሔት አላወጣነውም፤ ክፍሎቻችን ትንንሽ ስለሆኑ ቁጥሩ ልጆቹን ለይቶ ያሳያልና ነው። የሚገባቸውን ክብደት ያላገኙና ከሚገባው ያለፉ ልጆች በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በአንድ ዴስክ ላይ መገኘታቸውን ግን መናገር ይቻላል። የወላጆች አቀባበል ለየቅል ነበር። ልጃቸው ከስቷል የተባሉት በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲመጡ፣ ክብደቱ አልፏል ከተባሉት መካከል ግን ብዙዎቹ “ይመቸው እንጂ፣ ሲረዝም ይወጣለታል” ብለው ፖስታውን አስቀመጡት። የዘመድ ሰላምታ “ምነው ከሳህ?” በሚልበት አገር ይህ አያስደንቅም፤ ከፊሉም እውነት አለው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ከጨመረ ልኩ ይስተካከላል፤ ስለዚህም ከነርሷ ጋር ሆነን ለወላጆች አጥብቀን የነገርናቸው ልጁን ምግብ እንዳይከለክሉት፣ በወንድም በእህቱም ፊት ስለ ሰውነቱ እንዳይናገሩት ነው። የሚጨምረው ክብደት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ግን የግድ ነበር።

ሁላችንም ጥፋቱን ምሳ ዕቃው ውስጥ ልናገኘው ጠብቀን ነበር። አባላቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ፈቃደኛ ከሆኑ ክፍሎች የምሳ ዓይነቶችን ሲመዘግቡ ያገኙት በአብዛኛው ፍርፍር፣ ሽሮ፣ ሩዝ በአትክልት፣ እንቁላል በዳቦ፣ ፓስታ ነበር። የማይበላ ነገር አልነበረበትም፤ ችግሩ አለመበላቱ ነው። በርካታ ምሳ ዕቃዎች ግማሹን እንደያዙ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ልጆቹ በጠዋቱ እረፍት በኪስ ገንዘባቸው ቦምቦሊኖ፣ ቺፕስ፣ ብስኩትና ለስላሳ ጠግበው ነበርና። ወላጅ የተመለሰውን ምግብ አይቶ “ልጄ አይበላም” ይልና ለማግስቱ የኪስ ገንዘብ ይጨምርለታል።

ለስላሳውን ለብቻው አይተነዋል። በአንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 1,800 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው 45 ግራም፣ 5 በመቶው ወደ 22 ግራም ስለሚሆን፣ አንዷ ጠርሙስ ዝቅተኛውን ልክ ብቻዋን ታልፈዋለች። አባላቱ ስኳሩን በሚዛን ለክተው፣ በባዶ ጠርሙስ ሞልተው በሚኒ ሚዲያው መስኮት ላይ ደረደሩት። ከንግግራችን ሁሉ ይልቅ የሠራው ይህ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ቤተሰቦቻቸውን እየጎተቱ ያሳዩ ነበር።

ከካፍቴሪያው ጋር የነበረው ድርድር ረጅም ነበር። ተከራዩ ለስላሳ ካልሸጥኩ ኪራዩን ከምን እከፍላለሁ ሲል ያነሣው ክርክር ዋዛ አልነበረም፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረትም ጉዳዩን ሁለት ጊዜ አንሥቶ አሳደረው። በመጨረሻ በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ለስላሳ በጠዋቱ እረፍት እንዳይሸጥ፣ የተጣራ ውኃ በነፃ የሚቀዳበት ማሰሮ እንዲቀመጥ፣ ኅብረቱም ከኪራዩ ጥቂት እንዲቀንስለት ተስማማን። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለጀመሩ ካፍቴሪያው የካቲትንና መጋቢትን እንደሚከስርበት ሰግቶ ነበር። የሆነው ሌላ ነው፦ የሚጾሙት ከካፍቴሪያው ሲርቁ፣ የጾም ምግብ የሚፈልጉት ግን ቺፕስና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ አበዙ። ጾም በራሱ መክሰስን እንደማያቀልል አባላቱ ያስተዋሉት ያን ጊዜ ነው። ክበቡ ቆሎ፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እንዲቀርብ ጠየቀ፤ ድንቹ ተወደደ፣ ቆሎው ለትልልቆቹ ብቻ ሆነ።

ስለ እንቅስቃሴ ባጭሩ ልበል። ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ ይመከራል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በነበረው ግምት ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ከሆኑ የዓለም ተማሪዎች 81 በመቶው ይህን አያገኙም፤ ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹም ያነሰ ይንቀሳቀሳሉ። የእኛ ተማሪ በሰርቪስ ይመጣል፣ በሰርቪስ ይመለሳል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ያለችውን ሜዳም በእረፍት ሰዓት የወንዶች ኳስ ስለሚይዛት ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ከጥር ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ሜዳው የሴቶች ሆኗል። መጀመሪያ የ8ኛ ክፍል ልጃገረዶች “ሱዚ የሕፃናት ነው” ብለው ቢሸሹም ገመድ ዝላይ በውድድር መልክ ሲጀመር ሜዳው ሞላ። ከመምህራን ወገንም የሚነገር አለ፤ የክልል ፈተና ሲቃረብ የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ለማካካሻ ትምህርት የምንወስደው እኛው ነን።

በበሩ ላይ ቺፕስና ሳምቡሳ የሚሸጡት እናቶች ጉዳይ አልተቋጨም። ይባረሩ የሚል ሐሳብ ከኅብረቱ ቀርቦ ነበር፤ ኑሯቸው በዚያ ስለሆነ ክበቡ ተቃውሟል። አንዷ ከጠበሱት ጎን ሙዝ ማቅረብ ጀምረዋል። ስፖርት በፈተና ወራት እንዳይሰረዝና ሁለተኛው ልኬት በመጪው ጥቅምት በዚያው የክሊኒክ ክፍል፣ በዚያው የወላጅ ፈቃድ እንዲካሄድ የጠየቅንበት ደብዳቤ በሰኔ ወር ለአስተዳደሩ ገብቷል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።