የፕሮግራሚንግ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ውጤት የሚያሰላው ፕሮግራም

የክበቡ ጀማሪዎች ዘንድሮ በዋናነት የሠሩት አንድ ሥራ ነው፦ የአንድን ትምህርት ውጤት እንደየክብደቱ አስልቶ ከ100 የሚያወጣ ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መጻፍ። የመረጥነው ማንኛውም ተማሪ መልሱን በወረቀት አስልቶ ከኮዱ ጋር ማመሳከር ስለሚችል ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ስሌቱ ኪቦርድ ሳይነካ በወረቀት ተጀመረ። አሳይመንት ከ20፣ ኩዊዝ ከ10፣ ሚድ ከ30፣ ፋይናል ከ40 ይያዛል እንበል። አንዲት ተማሪ በአሳይመንት 100፣ በኩዊዝ 90፣ በሚድ 70፣ በፋይናል 55 በመቶ አግኝታለች። አራቱን ደምሮ ለ4 ማካፈል 78.75 ይሰጣል፤ ይህ ስህተት ነው። እያንዳንዱ በክብደቱ ሲባዛ 2000፣ 900፣ 2100 እና 2200 ይመጣል፤ ድምሩ 7200 ለክብደቶቹ ድምር ለ100 ሲካፈል 72 ይሆናል። ብዙ ክብደት የያዘው ፋይናል ዝቅተኛው ስለሆነ ውጤቱ ወደ ታች ተስቧል።

ወደ ኮዱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ኢንፑት፣ ማለትም ተጠቃሚው በኪቦርድ የሚያስገባው፣ ነው። በኢንፑት የሚገባ ሁሉ ለፓይተን ጽሑፍ ነው፤ 90 ተብሎ የገባው በ20 ሲባዛ 1800 አይሆንም፤ 90 ሃያ ጊዜ ተደጋግሞ ባለ 40 አሃዝ ጽሑፍ ይወጣል። ኤረር (ፕሮግራሙን የሚያቆም የስህተት መልእክት) ግን እዚህ አይታይም። የሚመጣው ቀጥሎ፣ ያ ጽሑፍ ድምሩ ላይ ሊጨመር ሲል ነው፤ ስለዚህ ጀማሪው ምንም ጥፋት የሌለበትን የመደመሪያ መስመር ሲያገላብጥ ይቆያል። መፍትሔው ውጤቱን እንደተቀበሉ አስርዮሽንም በሚቀበለው በፍሎት ወደ ቁጥር መቀየር ነው። ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚቀበለው ኢንት አይበቃም፤ 17.5 ብሎ የሚያስገባ ሰው ሲመጣ ፕሮግራሙ ይቆማል።

ከዚህ የከፋው ኤረር ሳያወጣ የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጥ ኮድ ነው። ድምሩን ዜሮ የሚያደርገው መስመር ከሉፑ (ለእያንዳንዱ ውጤት ከሚደጋገመው የኮድ ክፍል) በላይ መሆን ሲገባው ውስጥ ከገባ፣ በየዙሩ የተጠራቀመው ይጠፋና የመጨረሻው ብቻ ይቀራል። ከላይ ባለው ምሳሌ መልሱ 22 ይወጣል፤ ይህም የፋይናሉ ድርሻ ብቻ ነው። በወረቀት የሠራ ተማሪ ይህን ቁጥር ሲያይ ስህተቱ የት እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ክብደቶቹን 20፣ 10፣ 30፣ 40 ብለን በሙሉ ቁጥር የያዝናቸውም በምክንያት ነው። ክብደት በአስርዮሽ ተጽፎ ድምሩ ልክ 1 መሆኑ ሲፈተሽ፣ 0.7፣ 0.2 እና 0.1 በዚህ ቅደም ተከተል ተደምረው 0.9999999999999999 ይሰጣሉ፤ ትክክለኛ ክብደት ያስገባ ሰው «ተሳስተሃል» ይባላል። ኮምፒውተሩ እነዚህን አስርዮሾች በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) ሲይዝ በትክክል ስለማይገጥሙለት ነው።

ብዙ ያነጋገረን ግን ገና ያልተሰጠ ፈተና ነው። ፋይናል ሳይደርስ ባዶውን ቦታ ዜሮ ብሎ የሚቆጥር ፕሮግራም ለዚያችው ተማሪ 50 ይሰጣታል። ትክክለኛው አካሄድ ያልተሰጠውን ከነክብደቱ መተው ነው፦ 5000 ለ60 ሲካፈል 83.33። ተፈትኖ ዜሮ ማግኘትና ገና አለመፈተን አንድ ስላልሆኑ፣ ያልተሰጠውን ኮዱ ውስጥ ናን (None፣ «ዋጋ የለም» ማለት ነው) ብለን ለየነው። ምንም ውጤት ካልገባ ደግሞ አካፋዩ ዜሮ ስለሚሆን፣ ከማካፈል በፊት መፈተሽ ግድ ነው።

ከዚሁ የወጣችው ተጨማሪ ተግባር በተማሪዎቹ ዘንድ ይበልጥ ተወደደች፦ «ፋይናል ስንት ባመጣ ይበቃኛል?» ለ75 ከተፈለገ፣ ከ75 እስካሁን የተያዘው 50 ተቀንሶ ቀሪው 25 ለ40 ይካፈላል፤ 62.5 በመቶ ያስፈልጋል። ለ95 ግን 112.5 በመቶ ስለሚወጣ፣ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ከመጻፍ ይልቅ እንደማይቻል በግልጽ መናገር አለበት።

በፊደል ውጤት ላይ ሁኔታ የሚፈትሹት የኢፍ መስመሮች ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። «ከ50 በላይ» የሚለው ቀድሞ ከመጣ 95 ያገኘም እዚያው ይቀራል፤ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው መውረድ ያስፈልጋል። ማጠጋጋትም ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ የፓይተን ራውንድ 84.5ን ወደ 84፣ 85.5ን ወደ 86 ይወስዳል፤ እኩል መሃል ላይ ሲሆን ለ2 ያለ ቀሪ የሚካፈለውን ቁጥር ይመርጣልና። በየደረጃው ካጠጋጉ ስህተቱ ስለሚጠራቀም፣ ማጠጋጋት ያለበት የመጨረሻው ውጤት ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የቀረው ውጤቶቹን ከፋይል ማንበብ ነው። ፕሮግራሙን የሚረከቡ ተማሪዎች መጀመሪያ በአራት ዓይነት መረጃ ይሞክሩት፦ ሁሉም 100፣ ሁሉም ዜሮ፣ አንዱ ባዶ፣ ሁሉም ባዶ።