ተደጋጋሚ የኔትወርክ መልእክት ምክንያቱ ሳይታወቅ አይዘጋ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሊነክስ ሰርቨሮችን የምናስተዳድር ባለሙያዎች ዘወትር ከሚገጥሙን ጉዳዮች አንዱ፣ በሥርዓቱ ሎግ (የሁነቶች መዝገብ) ውስጥ አንድ ዓይነት የኔትወርክ መልእክት በየጥቂት ሰከንዱ ወይም በየጥቂት ደቂቃው እየተደጋገመ መጻፉ ነው። ጀማሪ አስተዳዳሪ ይህን አይቶ ምክር ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ችግር የለውም፣ አጥፋው» የሚል ሲሆን፣ ከመልሱ ጋርም ምዝገባውን የሚዘጋ አንድ የትእዛዝ መስመር ይሰጠዋል። ይህ ምክር በቃልም በጽሑፍም በስፋት ስለሚዘዋወር፣ የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን የሚከታተሉ አንባቢዎች ትእዛዙን ከመፈጸማቸው በፊት ሊያገናዝቡት የሚገባውን ነገር ለመጻፍ ተነሣሁ። የሚደጋገም መልእክት ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚደጋገም ሳይታወቅ ሊዘጋ አይገባም፤ መዘጋት ካለበትም ያ መልእክት ብቻ ተለይቶ ይዘጋ እንጂ ምዝገባው በጅምላ መቆም የለበትም ባይ ነኝ።

በቅድሚያ መደጋገሙ ራሱ የሚያደርሰውን ጉዳት ላንሣ። ብዙ ሰው የሚሠጋው ዲስኩ ይሞላል ብሎ ነው። ሆኖም የሎግ አገልግሎቶች የራሳቸው ገደብ አላቸው፤ ለምሳሌ በብዙ የሊነክስ ሥርዓቶች ላይ ሎግ ሰብሳቢ የሆነው የሲስተምዲ ጆርናል ሌላ ልክ ካልተሰጠው በቀር በዲስክ ላይ የሚይዘው ከፋይል ሥርዓቱ 10 በመቶ፣ ቢበዛ ደግሞ 4 ጊጋባይት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ገደቡ ሲደርስ የሚሆነው ነው። ቦታው ሲያልቅ የሚሰረዘው አሮጌው መዝገብ በመሆኑ፣ ከወር በፊት ስለተፈጠረ አንድ ብልሽት ለመመርመር ወደ ሎጉ የሚመለስ ሰው የሚፈልገው ማስረጃ ጠፍቶ፣ የአንዱን መልእክት በሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች ብቻ ያገኛል። ከርነሉም (የሊነክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ቢሆን ብዙዎቹን የኔትወርክ መልእክቶች የሚያሳልፈው በአንድ የጋራ የፍጥነት ገደብ ሲሆን፣ በነባሪው አቀማመጥ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ10 በላይ መልእክቶች ከመጡ ትርፎቹ ሳይጻፉ ይቀሩና ይህን ያህል መልእክት ታፍኗል የሚል አንድ መስመር ብቻ ይተካቸዋል። ከታፈኑት መካከል በወር አንዴ ብቻ የሚታይ፣ ግን እጅግ ወሳኝ የሆነ ማስጠንቀቂያ ቢኖር የሚያውቀው አይኖርም።

ነገሩን በቅርብ ለማየት በብዛት የሚያጋጥመውን የፋየርዎል መልእክት እንውሰድ። ዩኤፍደብልዩ (UFW) የተባለው ፋየርዎል፣ ማለትም ያልተፈቀደ የኔትወርክ ግንኙነትን የሚከለክል ፕሮግራም፣ በሚሠራበት ማሽን ላይ «ብሎክ» የሚል ቃል ያለበት ረጅም መስመር በየሁለት ደቂቃው አካባቢ ይጻፋል። ያየው ሰው አንዳች ጥቃት እየተሰነዘረበት ይመስለዋል፤ ወይም በተቃራኒው ሳያነበው ያልፈዋል። መስመሩ ግን ከግራ ወደ ቀኝ በጥሞና ቢነበብ መልሱን በውስጡ ይዟል። መጀመሪያ ፓኬቱ (በኔትወርክ የሚላከው የመረጃ እሽግ) የገባበት የኔትወርክ ካርድ ስም ይመጣል፤ የመውጫው ቦታ ባዶ ከሆነ ፓኬቱ የታሰበው ለማሽኑ ለራሱ እንጂ በእሱ በኩል ለማለፍ አልነበረም ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ረጅም የማክ (የኔትወርክ ካርድ መለያ) ቁጥር ብዙዎችን ያደናግራል፤ ምክንያቱም የአንድ ካርድ አድራሻ 6 ባይት ሲሆን እዚህ የተጻፈው 14 ባይት ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 የተቀባዩ፣ የሚቀጥሉት 6 የላኪው፣ የመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ የፕሮቶኮሉ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የላኪውን መሣሪያ ማወቅ የፈለገ ሰው ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ያሉትን ባይቶች ወስዶ በስዊቹ (ማሽኖቹን በኬብል በሚያገናኘው መሣሪያ) የአድራሻ ሠንጠረዥ ውስጥ ቢፈልግ የትኛው ፖርት ላይ እንደተሰካ ያገኘዋል። ከዚያ የላኪው አይፒ፣ የተቀባዩ አይፒ፣ በመጨረሻም የፕሮቶኮሉ ቁጥር ይከተላሉ።

የተቀባዩ አድራሻ 224.0.0.1፣ የፕሮቶኮሉ ቁጥር 2፣ የፓኬቱ ዕድሜ (በመስመሩ ላይ TTL የሚለው) 1 ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ጥቃት አይደለም። ራውተሩ ወይም ስዊቹ በኔትወርኩ ላይ ያሉትን ማሽኖች ሁሉ «የመልቲካስት ቡድን አባል የሆነ አለ ወይ?» እያለ የሚጠይቀው መደበኛ ጥያቄ ነው፤ መልቲካስት አንድን ሥርጭት ለቡድኑ አባላት ሁሉ በአንዴ መላክ ማለት ነው። የጥያቄው ነባሪ ልዩነት 125 ሰከንድ በመሆኑ መልእክቱ በየሁለት ደቂቃው አካባቢ መምጣቱ ራሱ ማንነቱን ይመሰክራል። «ታዲያ ጉዳት ከሌለው ለምን አናጠፋውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በማሽኑ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። ማሽኑ የመልቲካስት ሥርጭት የሚቀበል ከሆነ፣ ፋየርዎሉ ጥያቄውን ስለጣለው መልስ አይሰጥም፤ አባላትን የሚከታተል ስዊችም 260 ሰከንድ ያህል መልስ ካጣ በኋላ ማሽኑን ከአባላት ዝርዝር ያወጣውና ሥርጭቱን ያቋርጥበታል። ተጠቃሚዎች «ቪዲዮው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቆማል» ብለው ሲያመለክቱ፣ መልእክቱን ቀድሞ ያጠፋ አስተዳዳሪ ወደ ምክንያቱ የሚያደርሰውን ብቸኛ ፍንጭ በገዛ እጁ አስወግዷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሚበጀው ጥያቄው በፋየርዎሉ እንዲያልፍ መፍቀድ ነው። መልቲካስት ለማይጠቀም ማሽን ግን ፓኬቱ ከምዝገባው ሕግ በፊት በሚቀመጥ ሌላ ሕግ በዝምታ እንዲጣል ማድረግ ተገቢ ነው።

በዚሁ ፋየርዎል ላይ ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የተከለከሉ ፓኬቶችን የሚመዘግበው ሕግ በነባሪው አቀማመጥ ከመጀመሪያዎቹ 10 በኋላ በደቂቃ በአማካይ 3 መስመር ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ በሎጉ ውስጥ የሚታየው ናሙና እንጂ ቆጠራ አይደለም። ብዙ መሣሪያዎች ባሉበት ኔትወርክ ውስጥ አታሚዎች፣ ቴሌቪዥኖችና ስልኮች እርስ በርስ ለመፈላለግ የሚልኳቸው የማስተዋወቂያ ፓኬቶች ይህንን ኮታ ይጨርሱትና፣ ከውጭ ሆኖ የማሽኑን ክፍት ፖርቶች (የአገልግሎት በሮች) የሚፈትሽ ሰው የሚልካቸው ፓኬቶች ሳይመዘገቡ ሊቀሩ ይችላሉ። ጫጫታውን መቀነስ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት መሆኑን አምናለሁ፤ የምቃወመው ጫጫታውን ከማስጠንቀቂያው ጋር አብሮ መዝጋትን ነው።

በከርነሉ ውስጥ «ማርሺያን» የሚል ስያሜ ያላቸው መልእክቶች ላይ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። እነዚህ መልእክቶች የሚወጡት ፓኬቱ በዚያ ካርድ በኩል ሊመጣ የማይገባው የላኪ አድራሻ ይዞ ሲገኝ ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አንድ ማሽን በአንድ ንዑስ ኔትወርክ (የአድራሻ ክልል) ላይ ሁለት ካርዶች ተሰክተውበት መኖሩ፣ ወይም የመሄጃውና የመመለሻው መንገድ መለያየቱ ነው። የተለመደው ምክር የማርሺያን ምዝገባን ዜሮ ማድረግ ነው። ይህ ቅንብር ግን ምዝገባውን እንጂ ውሳኔውን አይነካም፤ ከርነሉ ፓኬቱን እንደ ቀድሞው ይጥለዋል። ሰውየው ሎጉ ጸጥ ስላለለት ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል፣ ግንኙነቱ ግን መቆራረጡን ይቀጥላል።

የጎረቤት ሠንጠረዥ (በዚያው ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎች አድራሻ የሚያዝበት) ሞልቷል የሚለውና የግንኙነት መከታተያ ሠንጠረዥ (ማሽኑ የሚከታተላቸው ግንኙነቶች የሚመዘገቡበት) ሞልቶ ፓኬት እየተጣለ ነው የሚለው መልእክትም በተመሳሳይ መንገድ በጥድፊያ ይታከማሉ፤ ሁለቱም ላይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ እንደ መድኃኒት ይታዘዛል። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ነባሪ ጣሪያ 1024 ነው። በኔትወርኩ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ከመቶ የማይበልጡ ሆነው ሳለ ሠንጠረዡ ከሞላ፣ የንዑስ ኔትወርኩ ወሰን ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ተቀምጧል ወይም አንድ ማሽን አድራሻዎችን በተርታ እየፈተሸ ነው፤ ይህ ማሽን በተንኮል ፕሮግራም የተያዘ ሊሆን ስለሚችል ጣሪያውን ማንሣት ችግሩን መሸፈን ይሆናል። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ከርነሉ የተመሠረተ የቲሲፒ ግንኙነትን ምንም ፓኬት ባይተላለፍበት እንኳ በነባሪው ለ432,000 ሰከንድ፣ ማለትም ለ5 ቀናት እንደሚይዘው ማወቅ ያስፈልጋል። ሳይዘጉ የሞቱ ግንኙነቶች ሠንጠረዡን ሞልተውት ከሆነ የሚስተካከለው የቆይታ ጊዜው ነው፤ በእርግጥም ሥራ የበዛበት ሰርቨር ከሆነ ግን ጣሪያውን ማሳደጉ ትክክል ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሠንጠረዡን ከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው።

የካርዱ ግንኙነት ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ እያለ የሚደጋገመው መልእክት በአብዛኛው ከሶፍትዌር ጋር አይገናኝም። በምሠራበት ቦታ በአንድ ሰርቨር ላይ ይህ መልእክት በታየ ጊዜ ድራይቨሩ እንዲቀየር ሐሳብ ቀርቦ ነበር። መስመሮቹን አንድ በአንድ ስናነብ ግንኙነቱ በተነሣ ቁጥር ፍጥነቱ አንዴ 1000፣ አንዴ 100 ሜጋቢት እያለ ሲለዋወጥ አየን። ጊጋቢት አራቱንም የሽቦ ጥንዶች የሚፈልግ ሲሆን፣ ለ100 ሜጋቢት ግን ሁለት ጥንድ ይበቃዋል። አንዱ ጥንድ እየላላ የሚቋረጥ ኬብል መሆኑን ያመለከተን ይኸው ልዩነት ነበር፤ ኬብሉ ሲቀየር መልእክቱ ቆመ።

አድራሻ የሚያከፋፍለውን ዲኤችሲፒ በተመለከተ የሚደጋገመው የጥያቄ መልእክት ከሁሉ ይበልጥ አሳሳች ነው። ደንበኛው ማሽን የአድራሻ ውሉ ግማሽ ጊዜ ሲያልፍ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ የእድሳት ጥያቄ ይልካል። በመካከል ያለ ፋየርዎል ይህንን ቀጥተኛ ጥያቄ ወይም መልሱን ከከለከለ፣ ማሽኑ የውሉ 87.5 በመቶ እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ለሁሉም በሚሰማ መንገድ ሲያሰራጨው መልስ ያገኛል። መልእክቱ ለሰዓታት ተደጋግሞ በድንገት ስለሚቆም ችግሩ በራሱ የጠፋ ይመስላል፤ በሚቀጥለው የውል ዘመን ግን ይመለሳል። በምናባዊ የኔትወርክ ካርዶች ላይ ፖርቱ ታገደ፣ ፖርቱ ማስተላለፍ ጀመረ የሚሉ መልእክቶች በየጥቂት ሰከንዱ ሲወጡም መመርመር ያለበት ኔትወርኩ ሳይሆን፣ ተነሥቶ ወዲያው እየወደቀ ያለው ኮንቴይነር (በማሽኑ ውስጥ ተለይቶ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ካርዱ በላኪነት የራሱን አድራሻ የያዘ ፓኬት ደረሰኝ የሚለው መልእክት ደግሞ ስዊቾች ላይ ቀለበት መፈጠሩን ወይም ሁለት ምናባዊ ማሽኖች ከአንድ ቅጂ ወጥተው አንድ ዓይነት ማክ አድራሻ መያዛቸውን ያሳያል፤ ይህንን ለአንድ ሰዓት እንኳ ማቆየት አልመክርም።

ለምርመራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በማንኛውም የሊነክስ ማሽን ላይ በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። ጆርናሉን በሚያነበው ጆርናልሲቲኤል (journalctl) ትእዛዝ የከርነሉን መልእክቶች ብቻ ለይቶ ማውጣት፣ ከዚያም በሶርት (sort) ደርድሮ በዩኒክ (uniq) መቁጠር ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሰዓቱን ማኅተምና የፓኬቱን መለያ ቁጥር ሳይቆርጡ የሚቆጥሩ ሰዎች እያንዳንዱ መስመር የተለየ ሆኖ ስለሚመጣባቸው ቆጠራው ምንም አይነግራቸውም። ከቆጠራው ቀጥሎ መታየት ያለበት በመልእክቶቹ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ወጥ ከሆነ ከኋላው በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ ፕሮግራም ወይም ፕሮቶኮል አለ፤ የተዘበራረቀ ሆኖ በሥራ ሰዓት የሚበዛ ከሆነ ከጭነት ወይም ከሰው እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። መልእክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን ቀን ፈልጎ በዚያው ቀን ምን እንደተለወጠ መጠየቅም ብዙ ድካም ይቀንሳል። በመጨረሻም ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ የሚያልፉ ፓኬቶችን በሚያሳየው ቲሲፒደምፕ (tcpdump) ያንኑ ፓኬት በዓይን ማየት ይገባል።

በሎጉ ላይ ስለሚታየው የክብደት ደረጃም አንድ ነገር ልጨምር። ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 7 ሲሆኑ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉዳዩ የከበደ ይባላል። ደረጃውን የሰጠው ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው፤ የእናንተን ኔትወርክ አያውቀውም። ስለሆነም የደረጃውን ጣሪያ ዝቅ በማድረግ ጫጫታን ለመቀነስ መሞከር ጠቃሚውንም አብሮ ይወስዳል። በዲሜሴጅ (dmesg) ትእዛዝ የሚደረገው የደረጃ ለውጥ ደግሞ በኮንሶሉ (በማሽኑ በራሱ ስክሪን) ላይ የሚታየውን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ፣ መልእክቱ በመዝገቡ ውስጥ መጻፉን ይቀጥላል።

ምክንያቱ ታውቆ ጉዳት እንደሌለው ከተረጋገጠ በኋላ መልእክቱን ማስቀረት ከማንም በላይ የምደግፈው ነው። አርሲስሎግ (rsyslog) የተባለው ሎግ ጻፊ ፕሮግራም ከሚጽፋቸው ፋይሎች የመልእክቱን ልዩ ሐረግ የያዘ መስመር ብቻ እንዲጣል የሚያዝ አንድ ሕግ መጻፍ ይበቃል፤ ሐረጉ የካርዱን ስምና የላኪውን አድራሻ ቢያካትት ደግሞ ከሌላ መሣሪያ የሚመጣ ተመሳሳይ መልእክት አይታፈንም። ከሕጉ በላይ በማስታወሻ መስመር ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደጻፈው ይመዝገብ፤ ኔትወርኩ ሲቀየር ሕጉን የሚያገኘው ሌላ ባለሙያ ሊሆን ይችላልና። የዝግጅት ክፍሉም በዓምዱ ላይ እንዲህ ዓይነት የማጥፊያ ትእዛዝ በሚያወጣበት ጊዜ፣ ትእዛዙ የትኛውን መልእክት እንደሚያስቀርና ከማስቀረቱ በፊት ምን መታየት እንዳለበት ከጎኑ እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሥርዓት አስተዳዳሪ