ቁጥሩ ያለ መለኪያው አይጻፍ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

እናቴ የምትኖረው መንዝ ነው። ስኳር ስላለባት ኩላሊቷን በየጊዜው ትመረመራለች። አንድ ጤና ተቋም ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ ለማወቅ ከደም የሚለካ ንጥረ ነገር) 1.4 ብሎ ጻፈላት። በሳምንቱ በሪፈር ሌላ ከተማ ሄደን ደገምነው። ወረቀቱ 124 ይላል። ሁለቱም ላይ ከቁጥሩ ሌላ ምንም የለም። እማዬ ፊቴን አይታ "በቃ፣ አለቀልኝ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ያደርነው እያለቀስን ነው። በማግስቱ ሐኪሟ ላብራቶሪው ድረስ ደውሎ አጣራ። የመጀመሪያው የተለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሁለተኛው በማይክሮሞል በሊትር ነው። 1.4ን በ88.4 ብታባዙት 124 ገደማ ይመጣል። ያው ውጤት ነው! ክትትል ይፈልጋል እንጂ አልባሰባትም።

መንዝ ገበያ ገብስ የሚሸጥ ሰው "አስር" ብሎ ዝም አይልም። በቁና ነው በኪሎ? ይባላል። የሰው ደም ከገብስ ማነስ የለበትም።

የላብራቶሪ ባለሙያዎቹን አልወቅስም። ወረፋው እስከ በር ነው። ደግሞስ ቅጹ ላይ ቦታ ከሌለ የት ይጻፉት?

ስለዚህ ቅጹን አንድ አድርጉልን። ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን መለኪያው፣ የላብራቶሪው ጤናማ መጠን፣ ደሙ የተቀዳበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ስኳር ከሆነ በባዶ ሆድ መሆን አለመሆኑም ይጨመር። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል።

ኮምፒውተር ያስገቡትም ቢሆኑ ያንኑ የባዶ ሆድ ስኳር ምርመራ አንዱ "ኤፍቢኤስ"፣ ሌላው "ጉሉኮስ"፣ ሌላው "ስኳር" ብለው ከመዘገቡ ነገ መረጃ መለዋወጥ ሲፈልጉ አይግባቡም። መፍትሔውን አዲስ መፍጠር አይጠበቅብንም። ሎይንክ የሚባል የምርመራ መለያ ኮድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አለ፤ በነፃ ነው። በደም ፈሳሽ ክፍል (ሴረም ወይም ፕላዝማ) ውስጥ ያለ ክሬቲኒን በሚሊግራም ሲለካ ኮዱ 2160-0 ነው፤ በማይክሮሞል ሲለካ 14682-9። እንዲህ ተለይቶ የተላከ ውጤት ደብረ ሲናም ሆነ ሸዋ ሮቢት ቢደርስ ትርጉሙ አይዛባም። ሶፍትዌር ሲገዛ ይህ በግዢ ሰነዱ ላይ ይግባ። ከተገዛ በኋላ ማስተካከል ወጪውም ድካሙም ብዙ ነው። በአገር ደረጃ የሚወሰነውን ደግሞ ለጤና ሚኒስቴር እናንተ አቅርቡልን።

የእናቴን ሁለት ወረቀቶች አስቀምጫቸዋለሁ። ፈቃዷን ሰጥታኛለች። ቅጹን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ማየት ከፈለጉ ስሟን ሸፍኜ ቢሯችሁ ድረስ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ታካሚ ልጅ