አባባ፣ ስለዚያ የመናፍስት ፕሮግራም ለጠየቁኝ

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስለ መናፍስት ፍለጋው የቴሌቪዥን ፕሮግራም በስልክ የጠየቁኝን በችኮላ መመለስ አልፈለግሁም፤ በጽሑፍ ሲሆን መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያነቡታል ብዬ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ በጨለማ ሲዞሩ አድረው ያሳዩን የአንድ ሰው ጃኬት ሲጎተት ነው፤ ይኼ ማስረጃ ይባላል?» ነበር ያሉኝ። አይባልም፣ አባባ። ግን መንፈስ ስላላገኙ አይደለም የምከፋባቸው። እንዲህ ያለ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ባዶ እጅ መመለስም ነውር የለበትም። የሚያሳዝነው በትንሽ ድካም ሊጣራ የሚችለው ሁሉ ሳይጣራ መቅረቱ ነው።

ያዩት «ጎስት ሀንተርስ» («መንፈስ አዳኞች») የተባለው፣ መንፈስ አለበት የሚባል ቦታ እየዞረ የሚመረምር የአሜሪካ ተከታታይ ፕሮግራም ኦክቶበር 31 ቀን 2008 ከዴላዌር ምሽግ በቀጥታ ያስተላለፈው ክፍል ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)። ፕሮግራሙ በ2004 ሲጀምር ሰው የወደደው በምክንያት ነበር። መሪዎቹ ጄሰን ሀውስ እና ግራንት ዊልሰን በሙያቸው ቧንቧ ሠራተኞች ነበሩ። «ግድግዳችን ውስጥ የሚያንኳኳ አለ» ሲባሉ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቧንቧው ነበር። ውሃ በድንገት ሲዘጋ ቧንቧው ይመታል፤ ሙቅ ውሃ ሲያልፍበት ደግሞ ይለጠጥና ከማሰሪያው ጋር ሲፋተግ ያንኳኳል። ይህንን ለቤቱ ባለቤት አሳይተው «እዚህ ምንም የለም» ብለው የወጡባቸው ክፍሎች አሉ። የዴላዌሩ ክፍል የበለጠ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው፤ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ያልሠሩት።

ከቦታው ልጀምር። ምሽጉ ያለው በዴላዌር ወንዝ መሐል፣ ፒ ፓች በምትባል ደሴት ላይ ነው፤ የሚደረሰውም በጀልባ ነው። ግንባታው በ1859 አለቀ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተማረኩ የደቡብ ግዛቶች ወታደሮች እስር ቤት ሆነ፤ በጁላይ 1863 ከጌቲስበርግ ጦርነት በኋላ እስረኞቹ ከ12 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። ከሞቱት ብዙዎቹን የጨረሳቸው ፈንጣጣና ሌላ በሽታ ነው፤ ሬሳው በጀልባ ወደ ኒው ጀርሲ ዳርቻ እየተሻገረ ፊንስ ፖይንት በተባለ ቦታ ተቀበረ። እዚያ ያረፉት የደቡብ ወታደሮች 2,436 ናቸው። እንግዲህ ልብ ይበሉ አባባ፦ ተራው እስረኛ የኖረው ካሜራው ሲዞርበት ባደረው የድንጋይና የጡብ ምሽግ ውስጥ አልነበረም። ከምሽጉ ውጪ፣ ረግረጉ ላይ በተሠሩ የእንጨት መጠለያዎች ውስጥ ነበር። መጠለያዎቹ ከጠፉ ቆይተዋል። የእስረኞችን መንፈስ ፍለጋ የሚሄድ ቡድን መጀመሪያ ይዞ መግባት የነበረበት የደሴቲቱን የድሮ ካርታ ነው፤ የት ተኛ፣ የት ታመመ፣ የት ሞተ የሚለውን። ይህ ለተመልካችም ከጨለማ ኮሪደር የሚበልጥ ታሪክ ነበር፤ እንደው በዋዛ አለፉት።

የግድግዳው ነገርም አለ። የምሽጉ ግድግዳ ቁመቱ ወደ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ውፍረቱ ከ2 ሜትር እስከ 9 ሜትር ነው። ይህን ያህል ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። በጥቅምት ማታ የውጪው አየር ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ገና ለብ ያለ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር በመድፍ ማውጫው ቀዳዳ ገብቶ ወለል ለወለል ይፈሳል። እግርዎ አጠገብ ብርድ፣ ፊትዎ ላይ ሙቀት ይሰማዎታል። ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ይጠፋል። በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች «ቀዝቃዛ ቦታ አገኘን» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ለማጣራት ዕጣን ይበቃል፦ ትንሽ አጭሶ ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል ማየት። በሽጉጥ ቅርጽ የተሠራው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር (በማይታይ የሙቀት ጨረር ከሩቅ የሚለካው) ለዚህ አይሆንም፤ የአየር ሙቀት አይለካም፣ የሚለካው ያነጣጠሩበትን ገጽ ነው። የተለመደው ዓይነት ከ3 ሜትር ርቀት የሚያነበው 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ በዚያ ክብ ውስጥ የመስኮት ጠርዝ ከገባ ቁጥሩ ይወርዳል። ተራ ቴርሞሜትር በክር አንጠልጥሎ በየደቂቃው መመዝገብ ይሻላል፤ ለካሜራ ግን አሰልቺ ነው።

ወደ ጃኬቱ ልምጣ። ግራንት ዊልሰን ጃኬቱ ከኋላ ሲጎተት ታየ። ተቺዎች ወዲያው ቪዲዮውን እያዘገዩ ተመለከቱና «እጁ አይታይም፣ በክር የሳበው ራሱ ነው» አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ሰውየውን ሌባ ማለት አልፈልግም። የምለው አንድ ነው፦ በዚያች ደቂቃ ምን መደረግ ነበረበት? ሰውየው ባለበት ይቆማል፤ ሁለቱንም እጆቹን ከፍ አድርጎ መዳፎቹን ያሳያል። ሁለተኛ ካሜራ ከጀርባው ይቆማል። መብራት ይበራል። ከዚያ ጃኬቱ በካሜራው ፊት ይወልቅና ኪሱ፣ ገበሩ፣ እጅጌው ይገለበጣል። ማታለል እንኳ ባይኖር ምክንያት ሊሆን የሚችል ነገር አለ፤ በቴሌቪዥን የሚቀረጽ ሰው ከወገቡ የማይክሮፎን ማሰራጫ፣ ከልብሱ ስር ደግሞ ወደ ደረቱ የሚሄድ ሽቦ ይኖረዋል። ጎንበስ ሲል ወይም ሲዞር ሽቦው ልብሱን ይወጥረዋል። የጨለማ ካሜራ ደግሞ የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚጠቀም ቀለም አይለይም፤ ቀጭን ክር ወይም ሽቦ በዚያ ምስል ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። መብራቱ ቢበራ በጥቂት ደቂቃ ይለይ ነበር። በጨለማ ቀጠሉ።

ያቺን መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትለው መሣሪያም ጠይቀውኛል። ኬ-2 ትባላለች፤ የኤሌክትሪክ መስመር የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ናት። አምስት መብራቶች አሏት፤ የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ከ1.5 ሚሊጋውስ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) በታች፣ የመጨረሻዋ ቀይ ከ20 በላይ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦና ዕቃ የሚለቀውን መስክ ለመፈለግ ትጠቅማለች። ችግሯ ስልክና የእጅ ሬዲዮ ሲያስተላልፉ አጠገባቸው ካለች እስከ ቀይ መድረሷ ነው፤ የቀጥታ ስርጭት ቡድን ደግሞ ሬዲዮ በወገቡ፣ ገመድ አልባ ማይክሮፎን በደረቱ ታጥቆ ነው የሚዞረው። መያዣዋ ሲዞርም ንባቡ ይቀየራል፣ መስኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለምትለካ። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር ስልክና ሬዲዮ ሁሉ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ወለሉ በየሜትሩ በኖራ ምልክት ተደርጎበት፣ በእያንዳንዱ ምልክት ላይ መሣሪያዋን በሦስት አቅጣጫ አዙሮ መጻፍ ነው። ያ መነሻ ሰንጠረዥ ሳይኖር «ስንጠይቀው መብራቱ በራ» ማለት ከንቱ ነው። ደግሞ ጥያቄ እየጠየቁ መብራቱ እስኪበራ ከጠበቁ አንድ ጊዜ መብራቱ አይቀርም፤ ያልበራባቸው ጥያቄዎች ስንት እንደሆኑ መቁጠር ያስፈልጋል።

ድምፁን በተመለከተ እርስዎም «እኔ የሰማሁት ሹክሹክታ ነው፣ ቃል አይደለም» ብለዋል፤ ልክ ነዎት። በዚያ ክፍል «እዚህ መሆን የለባችሁም» የሚል ድምፅ ተሰማ ተባለ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያበላሸው ትርጉሙ ከድምፁ ጋር አብሮ መቅረቡ ነው። አንድ ጊዜ ቃሉን ከነገሩዎት በኋላ ጆሮዎ ሌላ ሊሰማ አይችልም። ጡብ ቅስት ባለበት ቤት ውስጥ ደግሞ በአንዱ ጥግ የተንሾካሾከ ሰው በሌላው ጥግ ይሰማል፤ ደሴቲቱም በዚያ ምሽት በሠራተኛ ተሞልታ ነበር። መቅጃው ራሱ ፀጥታ ሲሆን የድምፅ መጠኑን በራሱ ከፍ ያደርጋል፣ ሽውታው ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። የሚደረገው ይህ ነው፦ ሁለት መቅጃ በአሥር ሜትር ልዩነት ይቀመጣል፤ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ሳል ቢያስለው፣ ጫማው ቢንቋቋ፣ ሆዱ ቢጮህ ወዲያው «እኔ ነኝ» እያለ ድምፁን ያስመዘግባል። ከዚያ ቅጂው ስለ ቦታው ምንም ላልተነገራቸው ሦስት ሰዎች ለየብቻ ይከፈትላቸዋል፤ የሰሙትን በወረቀት ይጽፋሉ። ሦስቱም አንድ ቃል ከጻፉ ያኔ እንነጋገራለን።

ቀድሞ የተነገረ ነገር ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ ጥናት አለ። በ2009 የታተመ ነው፤ ክሪስቶፈር ፍሬንች የሚባል የለንደን የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ አንድ ባዶ ክፍል አዘጋጅተው 79 ሰዎችን አንድ በአንድ አስገቡ። ለጆሮ የማይሰማ ዝቅተኛ ድምፅና መግነጢሳዊ መስክ አንዳንዴ ይለቀቅ ነበር፣ አንዳንዴ አይለቀቅም። ሰዎቹ እንግዳ ስሜት ሊሰማቸው እንደሚችል ቀድሞ ተነግሯቸዋል። ብዙዎቹ ተሰማን አሉ፤ ነገር ግን መሣሪያው መብራቱና መጥፋቱ ለውጥ አላመጣም። የዴላዌሩ ክፍል ተመራማሪዎቹንም ተመልካቹንም ከመግባታቸው በፊት ማን የት እንደታየ እየነገረ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ታሪኩን ሳይሰማ እንዲገባ ቢደረግ ኖሮ ምን ያህል በተማርን።

አሁን ስለ ቤትዎ። ከዚያ ፕሮግራም ወዲህ ሠራተኛዋ «ማታ ጣሪያው ላይ ኮቴ አለ» እያለች መፍራቷን እማዬ ነግራኛለች። አይፍረዱባት። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይኮማተራል፤ 3 ሜትር ቆርቆሮ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲወርድ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ምስማሩ አልለቅም ሲለው ጉልበቱ ይጠራቀምና «ቋ» ብሎ ይለቃል፣ ከዚያ ቀጣዩ ምስማር፣ ከዚያ ቀጣዩ። ተራ በተራ ስለሆነ የሚሄድ ሰው ይመስላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት የሚበዛ ከሆነ ቆርቆሮው ነው። ሌሊቱን ሁሉ የሚሰማና የሚሮጥ ከሆነ ግን አይጥ ነው፤ በኮርኒሱ መግቢያ ላይ ዱቄት በስሱ ይነስነስና ጠዋት አሻራው ይታይ።

አንዱን ነገር ግን በጥብቅ እለምንዎታለሁ። ሰው ራስ ምታት ይዞት፣ ልቡ እየመታ፣ በክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ መስሎት ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭስ ነው። በ1921 ዊልመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም የጻፈው አለ፤ አንድ ቤተሰብ ኮቴ ይሰማል፣ የማያውቃቸው ሰዎች ይታዩታል፣ ልጆቹ ይገረጣሉ፣ አበባው ይደርቃል። ምድጃው ሲፈተሽ ጭሱን ወደ ቤት ይለቅ ነበር። ሲጠገን ሁሉም ቆመ። እኛ ዘንድ ምድጃው ከሰል ነው። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ሰው ደህና ሆነ ብሎ ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋል፤ መርዘኛው ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ግን ያኔም ይወጣል፣ ሽታም የለውም። ስለዚህ ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው በረንዳ ይውጣ፤ ብርድ ከሆነም ብርድ ልብስ ይጨመር እንጂ ከሰል በተዘጋ ክፍል አይደር። ለሠራተኛዋም ክፍል እንደዚሁ፤ የእሷ ክፍል ጠባብ ስለሆነ ይበልጥ ያሰጋል። መስኮቷ የማይከፈት ከሆነ አናጢ ይጠራና ይስተካከል፤ ሂሳቡን እኔ እልካለሁ።

ሌላ ክፍል ማየት ከፈለጉ ቧንቧ የሚፈትሹባቸውን የመጀመሪያዎቹን መርጬ ለልጆቹ እልክላቸዋለሁ፤ አብረው ያዩዋቸዋል። እማዬን ይሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ