ለሚሚዬ፣ ስለ ሳሌ

ሚሚዬ እንዴት ነሽልኝ፣ እኛ ደህና ነን። እሁድ ስልክ ላይ ሳስል ዝም ስትይ ጊዜ ገብቶኛል፣ ቆይተሽም እናትሽን «አባዬ እንደዛች ጎረቤታችን ካንሰር ይዞት እንዳይሆን» ብለሽ በዋትሳፕ እንደጠየቅሻት ነገረችኝ። እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት!

የኔ አስም ነው የኔ ልጅ። የዛን ቀን እናትሽ በር ዘግታ በርበሬ ስታምስ ደረቴ ጭምድድ አለና ሲር ሲር ማለት ጀመረ፣ ሰማያዊዋን ፓፍ ሁለቴ ስስብ ወዲያው ለቀቀኝ ቡናዬን ጠጣሁ። አስም እንዲህ ነው፣ የአየር ቱቦው ይቆጣና ይጠባል መልሶ ይከፈታል፣ ብርድ አቧራ ጭስ ሲያገኘው ይነሳል፣ ንጋት ላይ ይብሳል። ካንሰር ግን ሳንባ ላይ የሚያድግ እባጭ ስለሆነ በፓፍ አይሟሽሽም፣ አስምም ተለውጦ ካንሰር አይሆንም።

ያቺ ምስኪንማ አስም ነው ተብላ ስንት ወር ፓፍ ስትስብ ከረመች፣ ሳሉ አንድ ቀን እንኳን ፋታ አልሰጣትም፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ቀሚሷ ሰፋት እሷ ጾሙ ነው ትላለች፣ ደም ያለው አክታ ስታይ ነው ራጅ የተነሳችው፣ ከዛ ሲቲ ስካን ከዛ ከሳንባዋ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሲጋራ ባፏ ዞሮ አያውቅም እኮ።

እኔ ደሞ 20 ዓመት አጭሻለሁ፣ ፓኬቱን ጫማ ውስጥ የደበቅሽብኝን አልረሳሁም። ስለዚህ አስም ስላለብኝ ካንሰር አይነካኝም ብዬ አልዋሽሽም። ሳሉ ሲቆይብኝ ሄጄ መጀመሪያ አክታ ለቲቢ ሰጠሁ፣ እዚህ አገር ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፣ ነጻ ነኝ። ራጁም ምንም የለውም፣ ግን ራጅ ትንሽ ነገር ሊያልፈው ስለሚችል ካልተሻለህ ሲቲ እናያለን አለኝ ዶክተሩ። ከዛ አንድ ማሽን ውስጥ ባለ በሌለ ትንፋሼ አስነፋኝ፣ ፓፍ አስሳበኝና ደግሞ አስነፋኝ፣ ሁለተኛው በጣም ጨምሯል፣ ይሄ የአስም ነው አለኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጠዋትና ማታ የሚሳበውን ሁለተኛውን መድሃኒት ደህና ነኝ ብዬ ትቼው ነበር፣ ሰማያዊዋ እኮ ለጊዜው ነው የምታስታግሰው። አሁን ጀምሬዋለሁ፣ ሳሉም ቀንሷል።

ስትመጪ ፓፉ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ስፔሰር ያዢልኝ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በስቼ ነው የምስበው፣ እናትሽ ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች።

አባትሽ